የጓሮውን በር የጠየቁ እንግዶች

ቁጥሩን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። የወንድሜ ልጅ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ «እትዬ፣ ይመልከቱ! ዛሬ ከትናንት እጥፍ ገብተዋል» ስትለኝ፣ እኔ የማየው በረንዳውን ነበር። ወንበሮቹ ጠዋት እንደደረደርኳቸው ናቸው።

«የት ነው የገቡት?» አልኳት።

«ገጻችን ውስጥ ነዋ!»

ወንበሮቹን መልሼ አየኋቸው።

ቤቱ ያለው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከግቢው ዳር ክፍሎች ሠርቶ እንግዳ ማሳደር ጀመርን። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ ቀጠልኩበት። ከካምባ ለስብሰባ የሚመጣ የወረዳ ሠራተኛ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ የመጣ ወላጅ፣ አንዳንዴም ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ሊያይ የመጣ የውጭ አገር ሰው ያርፍብን ነበር። በኋላ ባለ ፎቅ ሆቴሎች ሲሠሩ እንግዳው ወደዚያ ሄደ። ያን ጊዜ ከታች ሲቀላ ሰፈር በጅምላ ንግድ የሚታወቁ አንድ ሀጂ ግቢውን ለእህል መጋዘን ሊከራዩት ፈለጉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አልነዘነዙኝም። አለመነዝነዛቸው ራሱ ያስጠረጥረኝ ነበር።

የወንድሜ ልጅ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ ሥራ ስታጣ እኔ ዘንድ ነበረች። ነገሩን ስትሰማ «ቤቱ መጋዘን ሊሆን?» ብላ ተቆጣች። ድረ ገጽ ሠራችለት። ገጹ ብቻውን ግን ሰው አይጠራም አለች። ስለ አርባ ምንጭ ጥሩ ጽሑፍ ትጽፋለች፤ ብዙ አንባቢ ላላቸው ሌሎች ድረ ገጾች ትሰጣለች፤ እነሱ ያወጡታል። ከጽሑፉ ሥር የቤታችን ስም ይኖራል፤ አንባቢው ስሙን ሲጫነው ወደ እኛ ገጽ ይመጣል።

«በነጻ ነው የምትሰጫቸው?»

«በነጻ።»

«እነሱ ምን ያገኛሉ?»

«ጽሑፍ።»

«አንቺስ?»

«አንባቢ።»

«እኔስ?»

«እንግዳ፣ እትዬ! እንግዳ!»

ሁሉም አግኝቶ ማንም የማይጎዳበት ገበያ እስካሁን አላየሁም። የሚጎዳው አንድ ሰው ካለ እኔ ልሆን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ያም ሆኖ እስከ መስቀል እንድትሞክር ፈቀድኩላት። ለሀጂውም እንዲሁ ነገርኳቸው፦ በጽሑፉ እንግዳ ከመጣ ቤቱ ይቀጥላል፤ ካልመጣ ለመስቀል ቁልፉን እሰጥዎታለሁ። ልጅቷም ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሄዳ ሥራ ልትፈልግ ተስማማች። አዲስ አበባ መሄድ እንደማትፈልግ ግን አውቅ ነበር።

ቁጥሩ መውጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በየማለዳው ታስነብበኛለች። እኔ ደግሞ በየማለዳው ያልተኛባቸውን አልጋዎች አያለሁ።

አንድ ቀን «ይኼ ነገር ሰዎቹ ከየት እንደመጡ አያሳይም?» አልኳት።

«ያሳያል» አለችና የሆነ ቦታ ተጫነች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። አብዛኛው አርባ ምንጭ ይላል።

«አርባ ምንጭ ያለ ሰው አርባ ምንጭ ለማደር ምን ያደርግለታል?»

ላፕቶፑን መልሳ ወደ ራሷ አዞረችው። ድምሩን ብቻ ስታይ ኖራ ከሥሩ ያለውን አላየችም ነበር። እኔ ግን የመሰለኝ ሌላ ነው። ራሷ እየከፈተች እየዘጋች የምታበዛው መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ በዓይኔ ስከተላት ሰነበትኩ። ሻይ ይዤላት ስገባ እንኳ ጣቷን ነበር የማየው።

በሳምንቱ ወንድሜ፣ ማለትም አባቷ፣ ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ አስጭኖ መጣ። እዚያ ርእሰ መምህር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ለመዘምራን ልምምድ አርባ ምንጭ አይቀርም። ገና ጫማውን ሳያራግፍ «እሺ፣ ሠራ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ደቦው ነዋ!»

«የምን ደቦ?»

«የልጅቷ ገጽ ነዋ! ቤት ሲከደን፣ እንሰት ሲተከል ደቦ የሚወጣ ሰው ለዚህ ይቀራል? መዘምራኑን በሙሉ አዝዣለሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችንንም። ኢንተርኔት ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው ያንቺን ቤት ነው። አንዳንዱማ ሦስት አራቴ ይከፍታል፤ ጎበዝ ልጆች ናቸው።»

«ያነቡታል?»

«ለምን ያነባሉ? ቤትሽን ያውቁት የለ!»

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ገደልከኝ» አለች።

«ረዳሁሽ እንጂ!»

«አንባቢ ስቆጥር የኖርኩ መስሎኝ ዘመድ ነው የቆጠርኩት!»

ወንድሜ እስከ ማታ አልገባውም። ደግ ነገር ቢበዛ እንዴት ይጎዳል እያለ ተከራከራት። እኔ ስለ ጥርጣሬዬ ምንም አልተናገርኩም። ራት ላይ የዓሣውን ትልቁን ቁራጭ ለእሷ አወጣሁላት።

በማግሥቱ ከአርባ ምንጭ የሚገባውን ሁሉ ከቁጥሩ አስወጣችው። የቀረው ትንሽ ነበር። «እንግዲህ የሚሻለው እንግዳ ሲመጣ ማን እንደነገረው በር ላይ መጠየቅ ነው» አለች።

«አልጠይቅም» አልኳት።

እዚህ አገር እንግዳ በልቶ ሳያርፍ የመጣበት ነገር አይጠየቅም። ያደግሁት እንዲህ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ «ማን ላካችሁ?» የሚለውን ቃል ቀበሌው በየደጁ ሲጠይቅበት በነበረው ዘመን ጎልማሳ ሴት ነበርኩ። ያን ጥያቄ በገዛ በሬ ላይ ቆሜ ለእንግዳ አልደግመውም። ይህን ለልጅቷ በሙሉ አልነገርኳትም። «ሳይጠየቅ ራሱ እንዲናገር አድርጊው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሳቀች።

ያንኑ ጽሑፍ መጨረሻውን እየለዋወጠች ለሦስት ገጾች ሰጠችው። ለአዲስ አበባው ትልቅ ገጽ የሰጠችው ከእኛ ዘንድ ቁርቁፋ ሳይበሉ እንዳይሄዱ ይላል። ቁርቁፋ ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሀለኮ፣ ማለትም ከሽፈራው፣ ቅጠል ጋር የሚቀቀል የአገራችን ምግብ ነው፤ ሆቴሎቹ አይሠሩትም። ለወጣቶች የጉዞ ገጽ የሰጠችው ለሌሊት ወፍራሙን የዶርዜ ቡልኮ ጠይቁ ይላል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ቡልኮ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ጽሑፉን ከማንበብ በቀር ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም። ሦስተኛው ስለ ወፍ ለሚጽፍ ትንሽ ገጽ ነው። እሱ ስለ ጓሮው በር ይናገራል። ባለቤቴ ከአጥሩ ጀርባ ያበጀው ጠባብ በር ነው፤ ሲከፈት ከሥር ደኑ፣ ከደኑ ወዲያ የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ይታያሉ።

ክረምቱ ገባ። ቡልኮ የጠየቀ የለም። ሀጂው በመንገድ ሲያገኙኝ ጤናዬን ብቻ ይጠይቁኛል።

ነሐሴ ላይ አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው መጥቶ ክፍል ያዘ። ከአዲስ አበባ ነኝ አለ። ለምሳ ምን ይሁንልህ ሳልለው «ቁርቁፋ» አለ። ልጅቷ ከጓዳ ሆና በደስታ ሳህን ጣለች። እኔ አልቸኮልኩም። ምግቡን ሳቀርብለት ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ገና ሳይቀምስ «ዳጣው የለም እንዴ?» አለኝ። ቁርቁፋ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያችን፣ እንደሚበላም ያውቃል ማለት ነው፤ ጽሑፉ ግን ይህን አይልም። አመጣሁለት። እስኪጠግብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሲጨርስ፣ በልቷልና፣ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ ምን ብሎ ላከህ?»

ውኃው ትን አለው። «እትዬ... ለርእሰ መምህር እምቢ አይባልም» አለ።

«ታስተምራለህ?»

«ሒሳብ።»

ለወንድሜ ደወልኩ። «አንተ፣ ይኼ ደቦ ይብቃ» አልኩት።

«አንዱ ብቻ ነው የመጣው? ሁለቱን ደግሞ ቡልኮ ጠይቁ ብዬ ነበር።»

«እንዳይመጡ!»

መምህሩን ከቁጥር አላስገባነውም። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አታስነብበኝም ነበር። ልብሶቿን አጥባ ስታጣጥፍ አየኋት፤ ለመንገድ መሆኑ ገብቶኛል።

ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ወረዱ። ሰውየው አንገቱ ላይ መነጽር አንጠልጥሏል፤ የሩቅ ማያውን። ሴትዮዋ «ይቅርታ እናት፣ የጓሮ በር ያለው ቤት ይህ ነው?» አለችኝ።

አላመንኳቸውም። ጫማቸውን አየሁ፤ የምዕራብ ዓባያን ጭቃ ፈልጌ ነው። አነጋገራቸውን ሰማሁ፤ የእኛ አገር ሰው አማርኛ አይደለም። ምግብ ሳቀርብ ዳጣውን አጠገባቸው አኖርኩት። ሰውየው በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያኔ ጥቂት ረጋሁ። ከበሉና ካረፉ በኋላ ስለ ጓሮው በር እንዴት ሰማችሁ አልኳቸው።

ሰውየው ስልኩን አወጣ። ጽሑፉ የእኛ ነው፤ የልጅቷ ቃል አንድም ሳይቀር። የወጣበትን ገጽ ግን ልጅቷ አታውቀውም። ከወፎቹ ገጽ ቀድተውት ኖሯል። ሲቀዱት ከሥር የነበረውን የቤታችንን ስም ቆርጠውታል። እነሱም የጓሮ በር ያለው ማረፊያ እያሉ ሲቀላ ሁለት ሆቴል ጠይቀው አጡ። ቤቱን ያገኘላቸው የባጃጁ ነጂ ነው፤ የሴቻ ልጅ ስለሆነ በሩን ያውቀዋል።

ልጅቷ ሮጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

«ሰርቀውናል!» አለች።

«ሰርቀው ሰው ላኩልን» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ዕረፍት አልሰጠኝም። መጀመሪያ ቁጥር ነበረ፤ ሰው አልነበረም። አሁን ሰው አለ፤ ቁጥር የለም። በየትኛው ነው የምለካው?

ማለዳ በሩን ልከፍትላቸው ሄድኩ። መቀርቀሪያው ዝጎ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። የተከፈተው ልጅቷና እኔ ተጋግዘን በመዶሻ መትተነው ነው። እንግዶቹ ወጥተው ፀሐይ እስኪበረታ ቆሙ። ሲሄዱ ለወዳጆቻችን እንነግራለን አሉ። ይህንን እንግዳ ሁሉ ይላል።

ለመስቀል ሀጂው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ወንድሜም ነበር። ሀጂው እንደ ልማዳቸው ስለ ጤና ብቻ ጠየቁ። በመጨረሻ ግን «እህቴ፣ ያቺ ነገራችንስ?» አሉ። ልጅቷ ሳህን ይዛ መሐል ላይ ቆመች።

«ለአሁኑ ቁልፉ እኔው ዘንድ ይቆይ» አልኳቸው።

«ሰው መጣ እንዴ?»

«ሁለት ሰው።»

«ሁለት ሰው» አሉና ሳቁ፤ በክፋት አይደለም። «ማን ላካቸው?»

«በደንብ አላወቅሁም። እስካውቅ ድረስ ነው የማቆየው።»

ሀጂው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሜ «እኔ አይደለሁም!» አለ፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ሲሄዱ ልጅቷ የተጣጠፈውን ልብሷን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው። ስለ አዲስ አበባ አላነሳንም። ማታ አዲስ ጽሑፍ እንድትጽፍ ነገርኳት፤ በዚህኛው የቤታችን ስም ከሥር ብቻ ሳይሆን መሐልም እንዲገባ፣ የቆረጠ ቢቆርጥ እንዲተርፍ። መጨረሻው ላይ ምን ጠይቁ እንደሚል ሁለታችን ተስማማን። ለአባቷ እንዳትነግር አስጠነቀቅኋት። ከዚያ የዘይት ጠርሙስ ይዤ ወደ ጓሮው በር ሄድኩ።