በጠመንጃው ቀዳዳ

ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ጎዳና አጠገብ፣ የዓይን ሐኪሙ መሐሉ የተበሳ ጥቁር መከለያ ዓይኔ ላይ ደቀነ። የደበዘዙት ፊደላት ወዲያው ጠሩ። ቀዳዳዋን ግን ቀድሞም አውቃታለሁ።

በዘጠናዎቹ ጄኔቫ፣ ቬርኒየ ሰፈር ሳለን፣ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ሰይድ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሾፌር ነበሩ። ጎረቤታችን ባሩድና ጥይቱ በአፈሙዙ የሚገባ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ ሰውየው ጡረታ የወጣ ስዊሳዊ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሞተ መቶ ዓመት ካለፈው ጠላት ጋር ይዋጋ ነበር። አንድ ቀን ተኩስ ሜዳ ወሰደን። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ፣ ዓይን በሚጠጋበት በኩል፣ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ክብ ብረት ነበረች።

«እኛ ወሎ በቀዳዳ የሚያጮልቅ ሌባ ነው እንጂ ተኳሽ አይደለም» ብለው ጋሼ ሳቁ። ከዚያ አጎንብሰው አዩ። ሳቃቸው ቆመ። ሳይተኩሱ ብረቷን አስፈቱና በቀዳዳዋ እኔን አዩኝ።

«አንቺ! አፍንጫሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጌጥ ነው ጋሼ። ከተበሳሁ እኮ ዓመት ሆነኝ።»

ዓመቱን ሙሉ ዝም ያሉኝ አውሮፓ አለዝቧቸው መስሎኝ ለጓደኞቼ ስኮራ ነበር። ለካ አላዩትም። በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ ደግሞ በዚያው መኪና ነው።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የምንበላው በመኪናው መሪ ነው።»

ስንመለስ ልብሳችን ባሩድ ባሩድ ይሸት ነበር፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ይመስላል።

«ያ ሰው ነው ወይስ ምሰሶ?» አሉኝ እየነዱ።

«ሰው ነው» አልኳቸው። ፍሬን ያዙ።

ሐኪሙ መከለያውን አነሳ፤ ፊደላቱ ወደ ጭጋጋቸው ተመለሱ።

«መኪና ይነዳሉ?» አለኝ።

«አጠገቤ ሰው ካለ» አልኩት።