ጅቡቲ ላይ ፋሲካ ቀድሞኝ ደረሰ

ረቡዕ ንጋት፤ ለገሃር

ጎሕ ሲቀድ ከአራዳ ወረድን። ባለቤቴ አስካለ መሰንቆዬን በነጠላ ጠቅልላ ከፊት፣ እኔ ስንቄን ይዤ ከኋላ። ጊዮርጊስን ተሳለምን። ሁዳዴ ነው። መሰንቆዋ ከቅበላ ማግሥት ጀምራ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነው የከረመችው። በሁዳዴ አዝማሪ አይጫወትም፤ አባቴ አልተጫወተም፣ እኔም አልጫወትም።

የጅቡቲ ባለ ሆቴል ደላላ ልኮ «ለፋሲካ መጥተህ አጫውትልን፣ የባቡሩ መሄጃና መመለሻ በእኛ ነው» ስላለኝ ነው የምሄደው። ባሕር ሳላይ አልሞትም ብዬ እሺ አልኩ። አስካለ አኩርፋለች። ከተጋባን ወዲህ ጾም ለየብቻ ፈትተን አናውቅማ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ባሕሩ ምን ያደርግልሃል?»

«አየዋለሁ።»

«ዶሮውንስ ማን ይረድልኝ?»

«ጎረቤት ሞልቶ!»

«የጎረቤት እጅ አልፈልግም» ብላ መሰንቆዬን አስታቅፋኝ ሄደች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ረቡዕ ማታ፤ አዋሽ

ሦስተኛ ማዕረግ ወንበሩ ሳንቃ ነው፤ ወገቤ አለቀ። የከሰሉ ጢስ በመስኮት እየገባ ሁላችንንም አጥቁሮናል። ሞጆ ላይ ሴቶች ቆሎና ሎሚ በቁና ይዘው ከባቡሩ ጋር ይሮጣሉ። በአንድ መሐለቅ ቆሎ ገዝቼ ኪሴን ሞላሁ። ጎኔ የተቀመጠው የቆዳ ነጋዴ መሰንቆዬን አይቶ፣

«አባባ፣ አንዲት ዘፈን ብቻ!»

«ሁዳዴ ነው።»

«ባቡር ላይ ማን ያያል?»

«የሚያይማ ያያል።»

አዋሽ ስንደርስ መሸ። ባቡሩ በጨለማ አይሄድም፤ እዚያው አደርን።

ዓርብ፤ ጅቡቲ

ትናንት ድሬዳዋ ዛፍ ጥላ ሥር ጥሩ ነፋስ አግኝቼ ነበር። ዛሬ ግን እሳት ነው። ቤቱ ነጭ፣ አሸዋው ነጭ፣ ዓይን አይገለጥም። ባሕሩን አየሁት። ትልቅ ነው፤ አይጠጣም። ትንሽ ቆሜ አየሁና አስካለ ትዝ አለችኝ። ቆማ ብታየው ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ፤ «ይህን ሁሉ ውሃ አራዳ ቢያመጡት» ትላለች።

ባለ ሆቴሉ ፈረንሳዊ ነው፤ በቋንቋው ጌታዬ ለማለት ሙሴ ይሉታል። ቃሉን የሚያስተረጉምልኝ ደስታ የሚባል የባቡር ሠራተኛ የአራዳ ልጅ ነው። ወጥ ቤቱ አሣ አቀረበልኝ። «ሥጋ እኮ አይደለም» ይላል። መለስኩለትና ቴምር በዳቦ በላሁ።

እሑድ፤ ሆሳዕና

እዚህ ዘንባባ ሞልቷል። ቀለበት አድርጌ ጣቴ ላይ አሰርኩ። ምሽቱን ወጣ ብል አዳራሹ በፈረንጅ ተሞልቷል፤ ሥጋው ይጨሳል፣ ወይኑ ይቀዳል። ሙሴ በጣቱ ጠራኝ።

«ተጫወት ይሉዎታል» አለ ደስታ።

«ለፋሲካ አይደለም እንዴ የጠሩኝ?»

«ዛሬ እኮ የእነሱ ፋሲካ ነው።»

ደላላው ይህን አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ፋሲካ ሁለት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ሙሴ ብዙ ተናገረ። ደስታ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ከተጫወቱ ማክሰኞ ባቡር ያሳፍሩዎታል፤ ጸሎተ ሐሙስን አራዳ ነዎት። ካልተጫወቱ መመለሻ የለም ነው የሚሉት። አባባ፣ እንደ ልጅ ልምከርዎት፤ ይጫወቱና ይሂዱ። እማማ ይጠብቁዎታል።»

ጸሎተ ሐሙስን አራዳ! ጉልባኑ፣ የጊዮርጊስ ስግደት፣ ቅዳሜ ቄጤማው፣ ከአስካለ ጋር ከቅዳሴ መልስ ያቺ የመጀመሪያ ጉርሻ። እጄ ወደ ነጠላው ሄደ። ቋጠሮውን ፈታሁት። መልሼ ቋጠርኩት።

«በላቸው፤ የእኛ ፋሲካ የዛሬ ሳምንት ነው። ያን ዕለት ክሩ እስኪበጠስ እጫወትላቸዋለሁ።»

ሙሴ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ። መኝታዬ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ዕቃ ቤት ሆነ።

ሕማማት

ቤተ ክርስቲያን ስላላገኘሁ ወደ አገሬ ዞሬ እሰግዳለሁ። የዕቃ ቤቱ ተሸካሚ ሱማሌ ደግ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት እጁን ይዘረጋልኛል። በሕማማት እጅ አይጨበጥምና ጎንበስ ብዬ አልፈዋለሁ። ሁለት ቀን ዘረጋ፣ በሦስተኛው ተወ። ደስታን ልኬ አስረዳሁት። ለፋሲካ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠኝ።

ፋሲካ

ደስታና ጓደኞቹ ዶሮ ሠርተው ጠሩኝ። በላሁ። ምሽቱን የአገሬ ሰው፣ የባቡሩ ሠራተኛ ሁሉ ሆቴሉን ሞላው። ሙሴ ወንበር አነሰው። ደስታ ተነሥቶ «ተቀበል!» አለኝ፤ ግጥሙን እሱ ይሰጣል፣ እኔ እቀበላለሁ፦

ባቡሩ ሲጮህ ልቤ ደነገጠ፣
ፋሲካ አራዳ ገባ እኔን ጥሎ ሮጠ።

ሰጪው ራሱ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ አዝማሪ ካለቀሰ ማን ይጫወታል? ሙሴም አዳራሹ ሲሞላለት ቁጣው በረደ፤ የመጀመሪያ ቃሉን ጠብቆ ማክሰኞ አሳፈረኝ።

ሐሙስ ማታ፤ አራዳ

ከለገሃር በእግሬ ወጣሁ። በሬ ላይ ስደርስ ዶሮ ጮኸ። በእኔ ግቢ፣ በፋሲካ ሳምንት! አስካለ ምድጃው ዳር ሽሮ ታማስላለች።

«ይኼ ዶሮ ምን ይሠራል?»

«የሚያርደው ሰው ጅቡቲ ሄዷል።»

«ጾሙን አልፈታሽም?»

«የነፍስ አባታችን በዚህ ወራት አይጾምም ብለው ተቆጡኝ። አልጾምኩም፣ አላሰኘኝም አልኳቸው።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተስ ፈታህ?»

«ዶሮ በላሁ።»

«ጣፈጠህ?»

«ጨው በዝቶበታል።»

ሽሮውን ከእሳት አወረደችና ቢላዋውን ሰጠችኝ።