በጋቢ ላይ የቀረ ሽቶ

ማር ልንቆርጥ የተሰበሰብነው አራት ነበርን። ወንድሜ ከጓሮው ግራር ሥር፣ ከሣጥን ቀፎው ኋላ፣ ፊቱን በንብ ዓይነ ርግብ ሸፍኖ ማጨሻውን ይዞ ቆሟል። ልጄ በስተቀኙ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሏል። የነፍስ አባታችን ንብ ስለሚፈሩ ከአጥሩ በር አላለፉም። እኔ በልጄና በእሳቸው መካከል፣ ከጎተራው ጥግ ነበርሁ። ቦታው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ የወንድሜ ግቢ ነው።

ልጄና ወንድሜ ሳይነጋገሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ልጄ ቡሬ ሲማር ያደገው በወንድሜ ቤት ነው፤ ያበላችውም ልብሱን ያጠበችለትም የወንድሜ ሚስት ናት። እሷ ስትሞት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ልጄ ከአዲስ አበባ መምጣት አልቻለም። መንገዱ ሲከፈትም ቶሎ አልመጣም። ወንድሜ የመጀመሪያውን ይቅር ብሎ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን አላለፈውም። የነፍስ አባታችን ብዙ ከተመላለሱ በኋላ “እሺ፣ ይምጣና ማር አብረን እንቁረጥ” አለ። በእኛ ቤት ሰው ቀፎ ሲከፈት እንዲቆም የሚጠራው ከቤተሰብ ሲቆጠር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ “ሽቶ የሚባል ነገር ሳይቀባ ይምጣ። ንብ አይወድም።”

ስለ ልጄ ሽቶ ልናገር። ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ናት። ጥቂት ጥቂት ብቻ የሚቀምሙ ሰዎች የሠሩት ስለሆነ ሱቅ ውስጥ አይገኝም ብሎኛል። መጀመሪያ ሲረጭ ዝናብ የመታው ኮርቻና የሬንጅ ጭስ ይሸታል።

“ይህን ሰው ወዶ ይቀባዋል?” አልሁት።

“እማዬ፣ ትንሽ ታገሽው።”

እውነቱን ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ጭሱ ይለቅና የደረቀ ሣር፣ ሰም፣ እንደ ጌሾም ያለ ምሬት ይመጣል። ያን ጊዜ መልካም ነው፤ ጣፋጭነት የሌለው፣ የወንድ ሽታ ነው። ነገር ግን ከጠብታ በላይ ለተቀባው ሰው አጠገቡ የሚቀመጥ አይገኝም። ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች ተያይተው መስኮት ሲከፍቱ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተቀብቶት እንዳይገባም ነግሬዋለሁ። በገላ ላይ እስከ ማታ ይደክማል። በጥጥ ላይ ምን እንደሚሆን አላወቅሁም ነበር።

ልጄ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ በደረሰ ማግስት የሟች አባቱን ጋቢ ከሣጥን አወጣሁ። የብል መድኃኒት ይሸት ነበር። ጠርሙሷ መስኮቱ ላይ ነበረችና ሁለት ጊዜ ረጨሁበት። የባለቤቴ ኮርቻ ትዝ ብሎኝም ይሆናል። ለልጄ አልነገርሁትም። ሦስት ቀን ገመድ ላይ አሰጣሁትና አሸተትሁት፤ ምንም አልሸተተኝም። ለካ አፍንጫዬ ለምዶት ኖሯል።

ልጄ በቀጠሮው ቀን በውኃ ብቻ ታጥቦ፣ ጠርሙሷንም እኔ ቤት ትቶ ነው የወጣው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወንድሜ በማጨሻው ውስጥ ኩበት አቀጣጠለ። ዓይነ ርግቡ አንድ ብቻ ነበርና “ተሸፈን” ብዬ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ጋቢ ለልጄ ያከናነብሁት እኔ ነኝ።

“አባ፣ ቀረብ ይበሉ እንጂ” አለ ወንድሜ። “ንቦቹ ካህን ያከብራሉ።”

“አከባበራቸውን አምና አይቼዋለሁ። ከዚሁ ሆኜ እባርካለሁ።”

ልጄ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

“ና፣ ክዳኑን አንተ አንሣው” አለው ወንድሜ። “እጅህ ረስቶት እንደሆነ እንይ።”

“እርስዎ ያስተማሩኝን እረሳለሁ?”

ክዳኑ ሲነሣ ንቦቹ ጭሱን ጥሰው ወደ ጋቢው መጡ። ነጩ ጋቢ ባንዴ ጠቆረ። ልጄ ጮኸ። ወንድሜ የራሱን ዓይነ ርግብ አውልቆ በልጄ ፊት ላይ ጣለለት፤ ጋቢውን ገፎ ወረወረና እየገፋ ወደ ቤት አስገባው። እኛም ተከትለን ገብተን በሩን ዘጋን።

የወንድሜ አንድ ዓይን ወዲያው አብጦ ተደፈነ። መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

“ሽቶ” አለ።

“አጎቴ፣ እኔ እኮ ዛሬ...” ልጄ ጀመረና ተወው። የሸሚዙን ትከሻ አሸተተ። ከዚያ እኔን አየኝ። ገባው።

መናገር ነበረብኝ። እኔ ታላቋ ነኝ፤ በወንድሜ ፊት አጥፍቻለሁ ብዬ አላውቅም። ፊቴን ወደ በሩ መለስሁ።

“ረስቼ ነው” አለ ልጄ። “ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“ለእሷ ቀብር መንገድ ተዘጋ አልህ። ለዚህስ ማን ዘጋብህ? አንድ ነገር ነው የለመንሁህ።”

“ተው፣ ልጅ እኮ ነው” አሉ አባ።

“ጢሙ ሸብቷል፣ አባ! ይሂድልኝ። ሁለተኛም እንዳያመጡብኝ።”

ልጄ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሞከረ። ወንድሜ እግሩን ሰበሰበ። ልጄ ወጣ፤ አባም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

ወንድሜ በደህናው ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ።

“እትዬ፣ አንቺ እዚሁ እደሪ። አንቺ ምን አጠፋሽ?”

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።