የክላርኔቴ ግልገል

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ሰብለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ረዘም ያለ ጥቁር ሣጥን ታቅፋ ገባች። መደቡ ላይ አስቀምጣ ስትከፍተው ውስጡ ያለውን አየሁና የያዝኩትን ቆሎ ደፋሁት። «አባባ፣ እባብ ያዩ መሰሉ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። እባብማ ቢሆን በዱላ ይባል ነበር። ክላርኔት ነው።

የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ከዕቃ ቤት አውጥቶ አውሷት ነው። ሰኞ መምህሩ ማስተማር ይጀምራል፤ እሷ ግን ልቧ ሁለት ሆኗል። «ጓደኛዬ ማንም ሳያስተምራት ክራር ለመደች። እኔስ ራሴ ብሞክረው አይሻልም? እርስዎ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ቤት አስተያየት የማያልቅብኝ ሰው ነኝ፤ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለ ጎረቤት አጥር፣ ስለ መንግሥት ሳይቀር። ለዚህኛው ግን «ቆይ አስቤ እነግርሻለሁ» ስል ይኸው ሁለት ቀን አለፈ። ያሰብኩትን ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እኔም እኮ ነፊ ነበርኩ። ልጆቼ እንኳ ስነፋ ሰምተውኝ አያውቁም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሲይዝ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከኋላው ጋራ፣ ከፊቱ የገብስ ማሳ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከመርጡለ ማርያም ድረስ ተማሪ ዜማ ሊማር ይመጣባቸዋል። እናታችን ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ጠላት በገባ በሳምንቱ ጠመንጃውን አንግቦ፣ ዱር ቤቴ ብሎ ወደ ጮቄ ወጣ። ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ነን።

የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ድምፄ ግን የቁራ ነው። አባቴ አራት ዓመት ታገሉኝ። ተማሪዎቻቸው ዜማውን ሲያቀኑላቸው «አበጀህ!» ይሏቸዋል፤ እኔን አንድ ቀን እንኳ ብለውኝ አያውቁም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ እርሻውን ብታይ ይሻላል» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያችን «አበጀህ» የምትባል ቃል የተራበ ሰው እንጀራ እንደሚመኝ ተመኘኋት።

ክላርኔቱን ያገኘሁት በቅዳሜ ገበያ ነው። ማር ይዤ ማርቆስ ወጥቼ ሳለ አንድ ነጭ ወታደር አንዱ ቁልፉ የላላ፣ አፉ ላይ የሚታሰረው የሸምበቆ ምላሱ የተሰነጠቀ ጥቁር መንፊያ አሳየኝ። በአንድ ቅል ማር ለወጥኩት። ስሙንም አላውቅ፤ «የጣሊያን ዋሽንት» ነበር የምለው። ዋሽንት ትንሽ እችል ነበርና ያው ነው ብዬ ነው። አይ ልጅነት!

ሰባት ቀን ነፋሁት፤ ከጉንጬ ሕመም በቀር የወጣ ነገር የለም። በስምንተኛው ቀን ጨሞጋ ወንዝ ወርጄ ሸምበቆ ቆረጥኩ፤ በምላጭ አሳስቼ ለተሰነጠቀው ምላስ ምትክ አድርጌ በክር አሰርኩት። ያን ጊዜ ጮኸ። ምላሱን ወደ ላይ ገልብጬ ነበር የምነፋው፤ ቀኝ እጄም ግራ እጄ መሆን ያለበት ቦታ ነበር። ግን ማን ይንገረኝ? ታኅሣሥ ሙሉ፣ አውድማ ላይ ገብስ እየጠበቅሁ፣ እናታችን ታባብለን የነበረችበትን እንጉርጉሮ ለቅሜ ለቅሜ አወጣሁት።

አንዲት ቦታ ብቻ እምቢ አለችኝ። ዋሽንት ከኋላ ቀዳዳ የለውም፤ ይኸኛው ግን ከኋላም አለው። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ አውራ ጣቴ ከዚያች ከኋላዋ ቀዳዳ ትንሸራተትና ድምፁ «እምቢዬው!» ይላል፤ ከእናቱ የተለየ ግልገል ቁርጥ። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ። የሰፈሩ ልጆች «መሪጌታ ቤት ግልገል ታረደ» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር።

አባቴ ግን አይስቁም፤ ያማቸዋል። «ዜማውን አፋፍ ላይ ትጥለዋለህ። መምህር የሌለው ዕውቀት ወፍ ዘራሽ ነው፤ ይበቅላል፣ አራሚ ግን የለውም» ይሉኛል። እኔም ነገ አቀናዋለሁ እያልኩ እተኛለሁ።

በጥር አያሌው ተደብቆ መጣ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ፊቱን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ፣ ጢሙን እያፍተለተሉ፣ «ይኼማ ባሕታዊ እንጂ አያሌው አይደለም» ብለው ቀለዱ። በሶ በማር በጥብጬ ሰጠሁት፤ ሦስት ዋንጫ ጠጣ፤ እየጠጣም መንፊያዬን ከነግልገሏ ሰማ። ሲወጣ ከጋራው ጫፍ ያለችውን የጽድ ዛፍ አሳየኝና፣ «ስመጣ እዚያች ሥር ተኝቼ አዳምጣለሁ። ወታደርም ባንዳም በሰፈሩ ከሌለ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያችን የእናታችንን ንፋልኝ። ካልሰማሁ አልወርድም» አለኝ።

«ጋሼ፣ ጣሊያኖቹም እኮ በመንገዱ ሲያልፉ ይነፋሉ። እኔ መሆኔን በምን ታውቃለህ?»

ሳቀ። «ያችን ግልገልህን? ከመቶ ነፊ መካከል አውቃታለሁ!» አለና ትከሻዬን ደልቆኝ ሄደ።

እስከ ግንቦት አራት ጊዜ በዚያች ግልገል ወረደ። አንድም ጊዜ ክፉ አላገኘውም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ወንዞች ሞሉ፤ ከጮቄ የሚመጣ ሰው ተቋረጠ። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አንድ ጣሊያን ካባውን ተከናንቦ ሊጠለል ጣራችን ሥር ገባ። እኔ ከውስጥ እየነፋሁ ነበርና ግልገሏ ስትጮኽ ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ብድግ አልኩ። እሱ ግን ጠመንጃም አልያዘ፤ ገባና ክላርኔቱን ከእጄ ወስዶ አፉን ገልብጦ መለሰው፣ እጆቼንም አቀያየረልኝ። ከዚያ ራሱ ነፋው። እውነቱን ልናገር? እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች ከማር ለውጥ ዕቃ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባቴ ከጓዳ በምርኩዝ ወጡ። «ማነው ይኼ?» አሉ። «ጣሊያን ነው፣ አባባ» አልኳቸው በሹክሹክታ። ሰውየው ነፍቶ እስኪጨርስ ቆመው አዳመጡ። በኋላ፣ እሱ ከሄደ በኋላ፣ «ጠላት ነው። ግን መምህር ነው። ያወቀውን ውሰድና እሱን ተወው» አሉኝ። የዜማ ቤት ሰው እንዲህ ነው፤ ከተሳሳተ ዜማ ይልቅ ከጠላት ተምሮ የቀና ዜማ ይመርጣል።

ሳንድሮ ይባል ነበር፤ የማርቆስ ሙዚቀኛ ጓድ ነፊ ነው። ክረምቱን በየቅዳሜው መጣ። ቅቅል ድንች በአዋዜ እናቀርብለታለን፤ እያለቀሰ ይበላል። የሚያውቀው አማርኛ «ቆንጆ» እና «በቃ» ብቻ ነበር። ስሳሳት «አንኮራ!» ይላል፤ ድገም ማለቱ ነው። አውራ ጣቴ ስትንሸራተት በእርሳስ ቸብ ያደርጋታል። አንዳንድ ጎረቤት «የአርበኛ ቤት ጣሊያን ድንች ይቀቀልለት ጀመር» ብሎ ማማቱን ሰምተናል። ሐሜቱ ገበያ ወጣ፣ ከገበያም ወንዝ ተሻገረ። እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ላይ ነበር።

ግልገሏ የጠፋችው በፍልሰታ ጾም ነው። አንድ ቀን ዜማው ወደ ላይ ወጣ፣ አውራ ጣቴም ቦታዋን ያዘች፣ ድምፁም እንደ ውኃ ወረደ። ሳንድሮ እርሳሱን ወርውሮ «ቆንጆ!» አለ። በደስታ ዘለልኩ። በመስከረም መባቻ ጓዱ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ከእውነተኛው ምላስ አንድ እሽግ ሰጥቶኝ ሄደ። አገሩ በደህና ገብቶ እንደሆነ አላውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ማለት ዛሬም ይከብደኛል።

መስቀል ሳይደርስ አባቴን ውጋት ጣላቸው። በሁለተኛው ቀን እንደማይነሡ እሳቸውም እኔም አወቅን። «አያሌውን ፊቱን ልዳብሰው» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። በአንድ የታመነ ገበያተኛ መልእክት ላክሁ፦ አባባ ደክመዋል፣ ና፣ አዳምጥ።

መልእክቱ ይደርሰዋል ብዬ ባሰላሁት የመጀመሪያው ቀን ባንዶች በሰፈሩ ነበሩ፤ አልነፋሁም። በማግሥቱ ሄዱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አደዩ ፈክቷል፤ ከጎረቤት የባቄላ እሸት ጥብስ ይሸታል። አዲሱን ምላስ አስገብቼ የእናታችንን እንጉርጉሮ ነፋሁት። እንዴት አድርጌ ነፋሁት! ከመኝታው አባቴ ቀና ሲሉ ሰማሁ። ዜማው አፋፍ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ከዚያ ያ የደከመ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«አበጀህ።»

እግዜር ያሳያችሁ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኳት ቃል። እንባዬን እየጠረግሁ ደገምኩት፣ ሠለስኩት፤ አንዱ ከሌላው እየጠራ ሄደ። አያሌው አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን ነፋሁ። አባቴ «አበጀህ» አሉ፣ ቀጥሎም «መጣ?» አሉ። «ይመጣል፣ አባባ» አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እጃቸውን አነሡ። ጎንበስ አልኩላቸው። ጉንጬን ዳበሱ፣ ወደ አገጬ ወረዱ፤ ጢም ፈልገው አጡ። እጃቸውን መለሱት። እኩለ ቀን ሳይሆን ዐረፉ።

አያሌው የመጣው በአርባቸው ዕለት ነው፤ ምልክትም አልጠበቀ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞቴን ልሙት ብሎ። መቃብሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተን ብቻችንን ስንሆን ቀና ብሎ አየኝ።

«አባባ ሲያጣጥሩ ያ ጣሊያን ቤታችን ምን ይሠራ ነበር?»

«የቱ ጣሊያን?»

«ሁለት ቀን ጽዷ ሥር ተኛሁ። የእናታችንን እንጉርጉሮ ሲነፋ ሰማሁት እኮ! ቤታችሁ ይመላለሳል ሲሉኝ አላምንም ነበር። አንተን አስገድደው ምልክቱን አውጣጥተው፣ በእሱ ሊያጠምዱኝ ነው ብዬ ተመለስኩ። የአባቴን በር እያየሁ ተመለስኩ።»

መዋሸት እችል ነበር። ሳንድሮ ሄዷል፤ ማንም አይመሰክርብኝም። «ጋሼ፣ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ክላርኔቱ መለሰ። «ግልገሏስ?» አለኝ።

«ጠፋች። ተማርኩ።»

«እስቲ እንደ ድሮው ንፋው።»

ክላርኔቱን አነሣሁ። አውራ ጣቴን ላንሸራትት ሞከርኩ፤ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። አፉን ገለበጥኩት፣ እጄን አቀያየርኩ። ሌላ ሌላ ጩኸት ወጣ፤ ያች ግልገል ግን አልመጣችም። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ሞከርኩ። አያሌው ተነሥቶ ክላርኔቱን ከእጄ በቀስታ ወሰደና መደቡ ላይ አስቀመጠው። «ተወው፣ ወንድሜ። አንተ ምን አጠፋህ» አለኝ። ምነው በሰደበኝ!

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ «አበጀህ»ን ከቆጡ አወረድኩ። ሳስበው ግን ማንንም ጥፋተኛ ማድረግ አልችልም። አባቴ ልክ ነበሩ፤ ያለ መምህር የሚሆን ነገር የለም። ሳንድሮም ጣቴን ያስያዘኝ በደንቡ ነው። አያሌውም የሰማው ልክ ነው፤ የኔ ድምፅ አልነበረም። ሁላችንም ልክ ሆነን አባቴ ልጃቸውን ሳይዳብሱ ሞቱ። ክፉኛ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አያሌው ከነጻነት በኋላ በደህና ገባ፣ ሸበተ፣ ልጆችም ዳረ። ነገሩን ዳግም አንሥቶብኝ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ፣ «ወንድሜ ድሮ ጥሩ ነፊ ነበር» ይላል፤ እኔም ከብት አያለሁ ብዬ እወጣለሁ። እሱንም ከቀበርን ስንት ዘመናችን።

ይኼን ስጽፍ ሰብለ ከወዲያኛው ክፍል መለማመድ ጀምራለች። ማንም ሳይነግራት አፉን ገልብጣ እንደያዘችው ከዚህ ሆኜ አወቅሁ። ይንተፋተፋል፣ ያንኮራፋል። ድንገት ወደ ላይ ልትወጣ ስትል ጣቷ አመለጣትና፣ «እምቢዬው!» አለ።

እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሣ። ሄጄ የደጁን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ውጭ ካፊያ ብቻ ነው፤ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ቢሆንም አልዘጋሁትም።

«አባባ፣ ብርዱ! ምነው ከፈቱት?» አለች ሰብለ ብቅ ብላ። ከዚያ አፈረች። «ሰሙኝ አይደል? ተሳሳትኩ እኮ። ሰኞ ብመዘገብ ሳይሻለኝ አይቀርም።»

«ተመዝገቢ፣ ልጄ። መምህር ደግ ነው» አልኳት። «ዛሬ ግን ገና እሑድ ነው። እስቲ እዚያችው ላይ ድገሚልኝ።»