ሠላሳ ሰከንድ ጨለማ ለቁስቋም

ስብሐት በአንድ አስመጪ ድርጅት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ የዓመት ፈቃድ ወስዶ አያውቅም። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አዲሷ የሰው ኃይል ኃላፊ አስጠርታ፣ "አቶ ስብሐት፣ ወይ ይረፉ ወይ ፈቃድዎ ይቃጠላል" አለችው። ስብሐት አንድ ነገር ሲቃጠል ዝም ብሎ ማየት አይችልም። የሃያ ቀን ፈቃድ ቅጽ ሞላ። ማረፍ ግን አልተማረም።

ባለቤቱ ሠርካዲስ ሁለት ቀን ታገሠችው። በሁለቱ ቀን የቡፌውን ብርጭቆ በቁመት ደረደረ፣ የልጆቹን የክትባት ካርድ በፊደል ተራ አስገባ። በሦስተኛው ቀን የበርበሬውን ጣሳ ቁጥር ሊሰጠው እስክሪብቶ ሲያወጣ፣ "ሰው ፈቃድ ሲወጣ ከቤቱ ይሄዳል!" ብላ ጮኸች።

"የት ልሂድ?"

"ሰው ላንጋኖ ይሄዳል።"

ላንጋኖ ራቀበት። ከዊንጌት ቤቱ በታክሲ ብዙም በማይርቀው ቁስቋም፣ ወይዘሮ ዓለሜ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየና ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሻንጣውን ያዩ ጎረቤቶች "በሰላም ግባ" ብለው ሸኙት።

ልጁ ናዝሬት የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት። የማትጠቀምበትን፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ ሰጥታው ነበር።

"አባዬ፣ ማታ ሰማዩን አንሳበት። እንዳይነቃነቅ አድርገህ ታስቀምጠዋለህ። ሠላሳ ሰከንድ ክፍት ሆኖ ይቆይና በዓይንህ የማታየው ኮከብ ሁሉ ይወጣልሃል። አንተ ብቻ አትንካው።"

አለመንካቱ ደስ አለው።

የመጀመሪያው ምሽት ካሜራዋን ሩዝ ባለበት ፌስታል ላይ አጋድሞ፣ ወደ ሰማይ አዙሮ ቁልፉን ተጫነና ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ፎቶው ወተት የተደፋበት መሰለ። ፊት ለፊት የወይዘሮ ደሳለች ወፍጮ ቤት አለ፤ የወፍጮ ቤቱ ፓውዛ ሰማዩን አጥቦታል። በማግሥቱም ወተት ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በር አንኳኩቶ ይጠይቃል። ስብሐት የመዝገብ ቤት ሰው ነውና ደብዳቤ ጻፈ፦

"ቁጥር ስ/01/18። ጉዳዩ፦ መብራት ስለማጥፋት። በርዕሱ እንደተገለጸው፣ የፊታችን ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአካባቢው መብራት ለሠላሳ ሰከንድ የሚጠፋ ስለሆነ፣ አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉ እንጠይቃለን።"

አባዝቶ፣ አጣጥፎ በየበሩ ሥር አስገባ።

ከተቀባዮቹ አንዱ ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። "ሰከንድ" የምትለዋ ቃል ግን እጥፋቱ ውስጥ ገብታ ስላልታየች አንባቢው ሁሉ የመሰለውን ሞላበት። ቁስቋም ላይ ሠላሳ ደቂቃ ነበር። ታክሲ ተራው ጋ ሠላሳ ሰዓት ሆነ። ዊንጌት ሲደርስ ሠላሳ ቀን ሞላ።

ረቡዕ ማታ ሠርካዲስ ደወለች።

"ስብሐት፣ መብራት ለአንድ ወር ሊጠፋ ነው አሉ። እዚህ ሻማ ከሱቅ አልቋል፤ እዚያ ካገኘህ ያዝልኝ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ደብዳቤ ወጥቷል እኮ! ቁጥር ሁሉ አለው።"

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

ነገረችው። የራሱ ቁጥር ነው።

ሐሙስ ማታ ካሜራውንና ሩዙን ይዞ ሲወጣ ከግቢው ፊት ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ሻማ የያዘ አለ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ጀሪካን የያዘም አለ። ሁሉም የስልኩን መብራት አብርቷል። የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ቱሉ ድምፅ ማጉያ ይዘው መሃል ቆመዋል።

"ይህን ደብዳቤ የጻፈው አካል እዚህ አለ?"

ስብሐት እጁን አወጣ።

"ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?"

"እ... ማለቴ፣ ፈቃድ ላይ ነኝ።"

"ማኅተሙስ?"

"ማኅተም የለኝም። ካሜራ ነው ያለኝ።" አውጥቶ አሳያቸው። አቶ ቱሉ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ለመሆኑ ሠላሳ ምንድን ነው?"

"ሰከንድ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ይበራል።"

ሰዉ አጉረመረመ። ቁጣ አልነበረም፤ ቅር ብሎት ነው። "ሁለት ካርቶን ሻማ ገዝቼ?" አለ አንዱ። "ኧረ ቢያንስ አንድ ሰዓት አድርጉት!" አለች ሌላዋ።

"ጸጥታ!" አሉ አቶ ቱሉ። "ደብዳቤው ቁጥር አለው። ቁጥር ያለው ነገር ይፈጸማል!"

ወይዘሮ ደሳለች ፓውዛውን አጠፉ። ቤቶቹ ተራ በተራ ጨለሙ፤ ስልኮቹም ጠፉ። "ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" ተባለ። ስብሐት ተጫነ። ሕዝቡ ጮክ ብሎ መቁጠር ያዘ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ በታች በኩል ያሉት ሃያ አንድ ደርሰው ነበርና ክርክር ተነሣ። አቶ ቱሉ ከአሥራ አምስት እንደገና ሲያስጀምሩ፣ ካሜራው ማንንም ሳይጠብቅ ሠላሳውን ጨርሶ ጠቅ አለ።

ፎቶው ላይ ኮከቡ እንደ ተበተነ ጤፍ ወጥቷል። ካሜራው ሩዙ ላይ ተንሸራትቶ ስለነበር ከታች ሰዉም ገብቷል፤ ግን ሁሉም ደብዝዟል። አትንቀሳቀሱ ያሉት አቶ ቱሉ ራሳቸው ሦስት ራስ አውጥተዋል። ጥርት ብለው የሚታዩት ወይዘሮ ዓለሜ ብቻ ናቸው፤ በርጩማቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሰው እየተጋፋ "እኔ የታለሁ?" ሲል፣ ስብሐት ያን ሁሉ ኮከብ እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ያህል ነገር ሳይመዘገብ በላዩ ኖሯል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መብራት በእውነት ጠፋ። ወይዘሮ ደሳለች በዱቄት ነጭ ሆነው በሩ ላይ ቆሙ።

"አቶ ስብሐት፣ ትናንት ተባበርንዎ። ዛሬ ሳያሳውቁን?"

"ወይዘሮ ደሳለች፣ ይሄ የኔ አይደለም!"

"የሰው እህል ግማሹ ተፈጭቶ ቆሟል። በሉ ይጻፉ!"

"ምን ብዬ?"

"እንዲበራ ነዋ!"

ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም። ተቀምጦ ጻፈ፦ "ቁጥር ስ/02/18። ጉዳዩ፦ መብራት ስለማብራት።" ፊርማውን አሳርፎ ቀና ከማለቱ ወፍጮው ጓ ብሎ ተነሣ። ሰዎቹ አመስግነው ሄዱ። የደነገጠው ስብሐት ብቻ ነበር፤ በማግሥቱ፣ ግማሹ ፈቃድ ገና እያለለት፣ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ሠርካዲስ ፎቶውን አገላብጣ አየችና "እኚህ የተኙት ሴትዮ ማን ናቸው?" አለችው።

ሥራ በገባ በሁለተኛው ሳምንት በስሙ ከቁስቋም አንድ ፖስታ መጣ። "ለክቡር አቶ ስብሐት። ጉዳዩ፦ ውሃን ይመለከታል።" ፊርማው ብዙ ስለነበር ወደ ጀርባም ዞሯል። ገቢ ደብዳቤ ነውና ቀን ጻፈበት፣ መዘገበውም። የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ግን እስከ ምሳ ሰዓት መደርደሪያው ፊት ቆሞ አሰበ።