በር ዘጊው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ሲታሰር ምን ያህል ይሆናል? የኖረባቸው ዓመታት ድምር ነው? የሠራው ሥራ ነው? ወይስ አንድ ቀን፣ ብዙም ሳያስብ፣ በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ የዘጋው አንድ በር? ፍልስፍና ይህን ጥያቄ ለዘመናት ስታላምጠው ኖራ አልዋጠችውም። ዮስት ግን ለራሱ መልስ ነበረው። ያጣው መልሱን የሚቀበለው ሰው ነው።

ወደ ኬልና ደልሲ ፓስኮ የበግ እርሻ የመጣው በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ቁመቱን ሊያክል ጥቂት የቀረው ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባልና ሚስቱ ለጫጉላቸው አውሮፓን ሲዞሩ ሆላንድ ላይ ዝናብ ይዟቸው፣ የዮስት እናት ቤት አራት ቀን ከርመው ነበር። ሲለያዩም "አንተም አንድ ቀን እኛ ዘንድ ና" አሉት። ሰው እንዲህ ሲል የሚመጣ አይመስለውም። ዮስት መጣ፤ ለሁለት ሳምንት።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ዮስት መዳብ ለመሆን ሦስት ቀን አላስፈለገውም። በደረሰበት ዕለት ሱሪውን በእጁ ጨብጦ ከመጸዳጃ ቤቱ እየጮኸ ወጣ።

"ምን ሆንክ?" አለችው ደልሲ፣ ድንች መላጧን ሳታቆም።

"እንቁራሪት! መቀመጫው ውስጥ አረንጓዴ እንቁራሪት አለ!"

"ኖርማን ነዋ። እኔ አግብቼ ስመጣ ደጅ ወጥቶ የተቀበለኝ እሱ ነው። ግባና ተቀመጥ፤ እሱ እንደሆነ ጨዋ ነው።"

በማግስቱ ያጠበውን የውስጥ ሱሪ ሽቦው አጥር ላይ ሊያሰጣ ሄደ። አጥሩ ኤሌክትሪክ ነበረበትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወርውሮ በቂጡ አስቀመጠው። ተነሥቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ እንደገና ነካው። ኬል ሳቁ ትንፋሽ አሳጥቶት የፒክአፑን በር ተደገፈ።

"እሰይ ጓዴ! በግ እንኳ አንዴ ነው የሚነካው!"

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ ጥላው ጥሎት ሄደ፤ ሲነቃ ፊቱ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። ቅዳሜ መጠጥ ቤት ሲወስዱት ደግሞ ቦርሳውን እንዳዘለ ገባ፤ በአውቶቡስ ዙረቱ ያመጣው ልማድ ነው። ሞይራ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ብርጭቆ እየወለወለች "ምን ይቀዳልህ፣ ሻንጣው?" አለችው። በቃ፣ ስሙ ያ ሆነ።

ኬል ለእንግዳው የሰጠው ትእዛዝ አንዲት ብቻ ነበረች። "ሌላውን እንደፈለግህ። በር ግን እንዳገኘኸው ተወው። ክፍት ካገኘኸው ክፍት፣ ዝግ ካገኘኸው ዝግ። እኔ ረስቼው ከሆነም የኔ ዕዳ ነው።"

ወሩ ጥር ነበር፤ ከምድር ወገብ በታች ባለው በዚያ አገር ምድር የምትጋገርበት ወር። ኬል ከሩቁ መስክ የሽቦ ጥቅል እንዲያመጣ ዮስትን በፒክአፑ ላከው። በሁለቱ መስኮች መካከል ያለው በር ሲሄድም ክፍት ነበር፣ ሲመለስም ክፍት ነው። ዙሪያውን ቢቃኝ አንድ በግ አይታይም። በዮስት አገር ክፍት በር ማለት ቦይ ውስጥ የገባች ላም ማለት ነው። አባቱ ለልጆቹ ከጸሎት አስቀድሞ ያስተማረው በር መዝጋትን ነበር። የኬል ትእዛዝ ትዝ ሳይለው ቀርቶ አይደለም። ግን ደግነት ከትእዛዝ የሚበልጥ መሰለው፤ የሰው ልጅ ብዙውን ጥፋት የሚያጠፋው እንዲህ ሲመስለው ነው። ወርዶ ዘጋው፣ ሰንሰለቱንም አጠበቀው። እያፏጨ ቤት ገባ። ነገሩንም አላነሣም፤ በጎ ሥራ አይወራም ብሎ።

በጎቹ ለካ ከበሩ ወዲያ፣ ከሩቅ ዛፎች ሥር ፀሐዩን ሸሽተው ተኝተው ነበር። ያላቸው አንድ የውሃ ገንዳ ከበሩ ወዲህ ነው።

በሩ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ኬል ገንዳው ዘንድ ሄዶ በዙሪያው አዲስ ኮቴ አጣ። አብሮት የነበረው ዮስት የሰው ፊት እንዲያ ሲከስም ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ወደ በሩ በረሩ። አርባ ሦስት እናት በጎች በሩ ላይ ተደራርበው ሞተዋል፤ አፍንጫቸው ሁሉ ወደ ውሃው ዞሯል። ኬል ሰንሰለቱን ሲፈታ የተረፉት በሬሳው ላይ እየተንገዳገዱ አለፉ።

"እኔ ነኝ" አለ ዮስት። "እኔ ነኝ የዘጋሁት። ረስተኸው መስሎኝ…"

ኬል ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ከእነዚህ ስንቷን ታውቃለህ?" አለው።

"አንዷንም።"

"እኔ ሁሉንም አውቃቸው ነበር።"

የወቀሰው ይህችን ታህል ነው። በዚያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ፣ ሌላ አልጨመረም።

ጎረቤታቸው ዴስ ማግራዝ የሞቱት በጎች የሚቀበሩበትን ጉድጓድ ሊቆፍርላቸው ትራክተሩን ይዞ መጣ። ወርዶ አየ፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ።

"ማነው ይህን በር የዘጋው?"

ዮስት አፉን ሲከፍት ኬል ቀደመው። "እኔ ነኝ። ፀሐይ አናቴን መትታኝ ይሁን፣ እንጃ።"

ዴስ አንዴ ኬልን፣ አንዴ ዮስትን አየ። "በሠላሳ ዓመትህ ጃጀህ በለኛ" አለና ወደ ትራክተሩ ወጣ።

ሞተሩ ሲጮህ ዮስት የኬልን ክንድ ያዘ። "ለምን ዋሸህ?"

"ስማ፣ ወንድሜ። እዚህ አገር እንግዳ ሲያጠፋ ይባረራል፤ የአገሬው ሰው ሲያጠፋ ስም ይወጣለታል። አንተን ነገ አውቶቡስ ላይ ይጭኑሃል። እኔን ወዴት ያባርሩኛል? በል አካፋውን አቀብለኝ።"

በማግስቱ ጧት ዮስት ቦርሳውን አሰረ። ደልሲ በረንዳው ላይ አገኘችውና ቦርሳውን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው። "ጉድጓዱ ሳይሞላ? ግባ፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።" ጉድጓዱ ሞላ። ከዚያ የበጎቹ ጠጉር ሸለታ ደረሰ፣ ሰው አነሳቸው። ከሸለታው በኋላ በጎቹ ወለዱ። እንዲህ እንዲህ እያለ የትምህርት ቤቷን መምህርት ኖራን አገባ፣ ወረቀቱ ተስተካከለ፣ ሁለቱ ሳምንት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነ። እንጀራው አጥር መሥራትና በር መግጠም ነበር። እሱ የገጠመው በር በአንድ ጣት ይሄዳል፣ አይጮህም፣ መሬት አይጎትትም። ያለ በቂ ምክንያት ሰው ሥራውን አይመርጥም።

ስሙ ግን ወጥቶ ነበር፤ የወጣውም ለኬል ነው። ፓስኮ ማለት ቀርቶ "በር ዘጊው" ሆነ። መጠጥ ቤት ሲገባ አንዱ ተነሥቶ በሩን ከኋላው ወለል አድርጎ ይከፍትለታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። "ተወው እሱ እንዳይነካው፣ በውሃ ጥም እንዳንሞት!" ኬል አብሮ ይስቃል። ዮስት ብርጭቆውን አንቆ ይዞ ያቀረቅራል። በየዓመቱ ጥር ሲገባ፣ "ኬል፣ ዘንድሮ ልንገራቸው?" ይለዋል።

"ተወኝ ባክህ። ስሙን ለምጄዋለሁ፤ አሁን ብትወስድብኝ ምን ብለው ሊጠሩኝ ነው?"

ጥፋትን የተሸከመልህን ሰው እያየህ ማርጀት ከቅጣት ይለያል። ቅጣት ያልቃል።

ኬል ባለፈው መኸር ሞተ። ከቀብሩ በፊት ዮስት ወደ ደልሲ ሄዶ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆመ፤ አሮጌው ቦርሳው ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የሽንኩርት መያዣ ሆኗል።

"ደልሲ፣ ዛሬ ሰው ፊት ስሙን ልመልስለት።"

"ለማን ብለህ ነው? ለእሱ ነው ወይስ ለራስህ?"

እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። "ኬል በዕድሜው የዋሸው አንድ ውሸት ነው፣ ዮስቴ። ኮርቶበት ነው የሞተው። አትቀማው።" በመቃብሩ ድንጋይ ላይም "ኬል ፓስኮ፣ በር ዘጊው" ተብሎ ተጻፈ።

ዮስት ግን አልቻለም። ከቀብር ሲመለሱ ሞይራ መጠጥ ቤት፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሣ። ሁሉንም ተናገረ፤ ሽቦውን፣ ሰንሰለቱን፣ ፉጨቱን። ሲጨርስ ማንም አልደነገጠም። የሸመገለው ዴስ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።

"እዚህ ምድር የተወለደ ሰው በጥር ያንን በር ይዘጋል ብሎ ያመነ ያለ ይመስልሃል?"

"ታዲያ… ታውቁ ነበር?"

"ያን ዕለት የትራክተሬ ሞተር ሳይጠፋ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እሱን…"

"እሱ እኔ ነኝ አለ። ሰው እኔ ነኝ ካለ ምን ታደርገዋለህ፣ ሻንጣው?"

ዮስት ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየ።

"እንግዲያው እለምናችኋለሁ" አለ። "እሱ ከእንግዲህ አያስፈልገውም። ከዛሬ ጀምሮ በር ዘጊው እኔን በሉኝ።"

ዴስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሞይራ ብርጭቆ አነሣች፣ ወለወለችው፣ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው።

"ምን ይቀዳልህ፣ ሻንጣው?"