በማርያም ዕለት የተቆጠሩት ተማሪዎች

ዛሬ ጠዋት አያ ደስታን ብቻቸውን ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። አንድ እጃቸው ዶማ ላይ፣ አንዱ ወገባቸው ላይ ነው።

እሳቸው የማስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እኛ ጉና ተራራ ሥር ነን፤ ድንች ሲደርስ ግማሹ ተማሪ ማሳ ይውላል።

ባለፈው ሳምንት ከወረዳ ተማሪ ልንቆጥር እንመጣለን ብለው ደወሉ። በጀት የሚሰጠን በተማሪው ልክ ነው፤ ተማሪው ካነሰ መጽሐፉም ጠመኔውም ያንሳል።

«የትኛው ቀን ይሻላችኋል?» ሲባሉ አያ ደስታ «የማርያም ዕለት» አሉ። በማርያም ማን ይቆፍራል?

ትናንት ማርያም ነበረች። በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተቆጠሩ። እኔ ግን ዛሬ ክፍሉ ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር።

«አያ፣ ልጆቹ አያግዙዎትም?» አልኋቸው።

«ትምህርት ቤት ናቸው። ትናንት በማርያም ያስቆጠርነውን ዛሬ ውሸት እናድርገው? ለጎረቤቱም ዞሬ ነግሬያለሁ።»

ክፍል ስገባ እውነትም ሙሉ ነው።

ከትምህርት በኋላ እኛ መምህራኑ ሄደን ቆፈርንላቸው። የሒሳብ መምህራችን ካወጣው ድንች በዶማ የቆረጠው ይበዛል።

በእናንተ ቀዬስ ክፍሉ የሚሞላው በየትኛው ታቦት ነው?